ስሙ ሳይሆን ብረቱ ይናገር፦ የጥንት ሆት ሮድ የሞተር ዕቃዎች እንዴት ይለያሉ? እንዴትስ ይሠራባቸዋል?

ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያለው ሰው «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚባለውን የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ሳያውቀው አይቀርም። ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ተነስቶ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት የተጓዘ ሰው፣ ፌርፋክስ ከዊልሸር ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን በ1994 የተከፈተውን የፒተርሰን የአውቶሞቢል ሙዚየም ያገኛል። ሙዚየሙ በስሙ የሚጠራው ሮበርት ፒተርሰን የኅትመት ሥራውን የጀመረው በጥር 1948 ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣው «ሆት ሮድ» መጽሔት ነው። በዚያ መጽሔት ገጾች ላይ ለወጣት መካኒኮች ይተዋወቁ የነበሩ የሞተር ዕቃዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ቅርሶች ሆነዋል። ሰው በተሻማበት ዕቃ ላይ ደግሞ ቅጂ አይጠፋም።

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የገዛ ሰው ሁሉ «ኦርጂናል ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አያወጣም። የሆት ሮድ ሰዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ የሚፈለገው ገና ከካርቶኑ ያልወጣው ዕቃ ሲሆን እነርሱ ዘንድ ግን ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆነው መሆኑ ነው። መልሱን ለማግኘት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ብረቱ ራሱ መጠየቅ አለበት። ይህ ጽሑፍ ብረቱ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ መልሱ ከተገኘ በኋላም ዕቃው እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆት ሮድ ምንድን ነው?

ሆት ሮድ ማለት አሮጌና ርካሽ መኪና ተገዝቶ፣ የማያስፈልገው ክብደት ተቀንሶ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣበት አቅም በላይ እንዲሠራ የተደረገ መኪና ነው። የተወለደው በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ባለው በረሃ እንደ ሙሮክና ኤል ሚራዥ ያሉ የደረቁ ሐይቆች ይገኛሉ። መሬታቸው ጠንካራና ሜዳ በመሆኑ ወጣቶች መኪናቸውን እስከ መጨረሻው የሚፈትኑት እዚያ ነበር። በ1937 የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ሰዓት ማኅበር ተቋቁሞ ውድድሩን ሥርዓት አስያዘው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1949፣ በዩታ ግዛት በሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ። በ1951 ደግሞ የ«ሆት ሮድ» መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ።

የእነዚህ መኪኖች ልብ በ1932 የወጣው የፎርድ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነው። ከዚያ በፊት ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የሀብታም ዕቃ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ግን የሲሊንደሩን ብሎክ በአንድ ጊዜ አፍስሶ በብዛት የሚያመርትበትን መንገድ በማግኘቱ ክፍት ባለ ሁለት መቀመጫው መኪና በ460 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ሞተሩ 3.6 ሊትር ሲሆን 65 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ሞተሩ «ፍላትሄድ» ይባላል። ቫልቮቹ ያሉት በቴስታታው ውስጥ ሳይሆን በብሎኩ ውስጥ፣ ከሲሊንደሮቹ ጎን ነው። በመሆኑም ቴስታታው ቫልቭ የማይሸከም ጠፍጣፋ ክዳን ብቻ ነው። ይህ አሠራር ለወጣት መካኒክ ትልቅ ዕድል ከፈተ። ቡሎኖቹን ፈትቶ የፋብሪካውን ክዳን ማንሳትና ጋዙን ይበልጥ የሚያምቅ የአሉሚኒየም ክዳን መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ሆነ። ከላይ ያለውን የአየርና ነዳጅ ማስገቢያ ማኒፎልድ ለውጦ በአንድ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ወይም ሦስት ማሰለፍም እንዲሁ። ከፎርድ ፋብሪካ ውጭ በትናንሽ የግል ወርክሾፖች የሚሠሩ «የፍጥነት ዕቃዎች» ገበያ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዘመኑን የጠበቀ» ሲባል

በ1997 በካሊፎርኒያ የሚካሄደው ታዋቂው የፔብል ቢች የመኪና ውበት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሆት ሮድ የተለየ ምድብ ከፈተ። ያሸነፈው ዶን ስፔንሰር የተባለው የጥንት ሆት ሮድ ሠሪ የሠራው የ1932 ፎርድ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንደ ጎረምሳ ጨዋታ ይታይ የነበረው መኪና በአንድ ጊዜ የታሪክ ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና «ዘመኑን የጠበቀ ነው» ከተባለ ቃሉ መፈተን ይችላል ማለት ነው።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ባለቤቱ አንድ ዓመት ይመርጣል፤ ለምሳሌ 1948። ከዚያ በኋላ በመኪናው ላይ ያለ ማናቸውም ነገር ከዚያ ዓመት በኋላ የተፈጠረ መሆን የለበትም። ዕቃው አሮጌ መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም። የ1953 ማኒፎልድ ዛሬ ሲታይ ጥንታዊ ነው፤ በ1941 መኪና ላይ ሲገጠም ግን ስህተት ነው።

አንዳንድ ዓመታትን በቃል መያዝ ብዙ ስህተት ያስቀራል። አልተርኔተርን በአሜሪካ መኪኖች ላይ በብዛት ማስገባት የጀመረው ክራይስለር ሲሆን ዓመቱም 1960 ነው፤ ስለዚህ በ1940ዎቹ ሆት ሮድ ላይ መታየት ያለበት ዲናሞ ነው። ፎርድ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው በ1956 ሞዴሎቹ ነው። ኦልድስሞቢልና ካዲላክ ቫልቮቻቸው በቴስታታው ላይ የሆኑ አዳዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሮች ያወጡት በ1949 ሲሆን፣ የፍላትሄድን ዘመን በተግባር የዘጋው የሸቭሮሌ አነስተኛ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የመጣው በ1955 ነው።

መጀመሪያ ብሎኩን ማወቅ

አንድ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የሚገጠምበት ሞተር በትክክል መታወቅ አለበት። ፍላትሄድ ሁሉ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው መለያ ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ብዛት ነው። ከ1932 እስከ 1938 አጋማሽ የነበሩት በአንድ ወገን 21 ሲሆኑ ከዚያ በኋላ የመጡት 24 ናቸው። የ21 ቴስታታ በ24 ብሎክ ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛው መለያ የውኃ ፓምፑ ቦታ ነው። እስከ 1936 ድረስ ፓምፖቹ በቴስታታዎቹ ፊት ላይ ነበሩ፤ ከ1937 ጀምሮ ወደ ብሎኩ ወረዱ።

ከጦርነቱ በኋላ ከ1946 እስከ 1948 በነበሩት ሞተሮች ላይ፣ ከብሎኩ ጋር አብሮ በፈሰሰው የፍሪሲዮን ቤት ላይ «59» ብሎ የሚጀምር ጎልቶ የወጣ ጽሑፍ ይገኛል። እነዚህ 3.9 ሊትር ናቸው። ከ1949 እስከ 1953 የተመረቱት ደግሞ በቴስታታቸው ላይ ባለው ምልክት «8ቢኤ» እየተባሉ ይጠራሉ። የፍሪሲዮን ቤታቸው ተነቃይ ነው፤ ራዲያተሩን የሚመግበው የውኃ መውጫ ከቴስታታው መካከል ወደ ፊት ተዛውሯል፤ ዲስትሪቢዩተሩም ከካምሻፍቱ አፍንጫ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለዚህ የ«59» ቴስታታና የ«8ቢኤ» ቴስታታ የቡሎናቸው ቁጥር አንድ ቢሆንም የውኃ መንገዳቸው ይለያያል። «24 ቡሎን ነው፤ ይገጥማል» ብሎ የገዛ ሰው ከጋራዥ ሲደርስ የሚያዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ተፈላጊ ዕቃ ከ1949 እስከ 1953 በሜርኩሪ መኪኖች ላይ የነበረው ክራንክሻፍት ነው። የፎርዱ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው 95.25 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሜርኩሪው 101.6 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ይህን ክራንክሻፍት ከሰፋ ሲሊንደር ጋር ያጣመሩ ሠሪዎች ሞተሩን እስከ 4.5 ሊትር ያደርሱት ነበር። ሻጭ «የሜርኩሪ ነው» ሲል ቃሉን ተቀብሎ ከመሄድ ይልቅ መለካት ይሻላል፤ 6 ሚሊ ሜትር ለካሊፐር ብዙ ነው።

ስሞቹና ዘመኖቻቸው

ቪክ ኤደልብሮክ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ጋራዥ የነበረው ይህ ሰው በ1938 ሁለት ካርቡራተር የሚሸከም ማኒፎልድ ሠራ። ቅርጹ ወንጭፍ ስለሚመስል «ስሊንግሾት» ተባለ። የተሸጠው 100 ያህል ብቻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር መጽሔቱን አሳተመ። ስለዚህ «ኤደልብሮክ» የሚል ስም ብቻውን ዘመን አይናገርም። ያንኑ ስም የያዙ ዕቃዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመርተዋል። የኦፈንሃውዘር ስም ያለባቸው ቴስታታዎችና ማኒፎልዶችም እንዲሁ ናቸው።

ኤድ ኢስከንደሪያን። ከአርመናውያን ቤተሰብ የተወለደው ይህ መካኒክ ከጦርነቱ በኋላ ካምሻፍት መሞረድ ጀመረ። ከእርሱ በፊት የዚህ ሙያ መምህር ተደርጎ የሚታየው ካርቡራተርና ካምሻፍት ይሠራ የነበረው ኤድ ዊንፊልድ ነው።

ባርኒ ናቫሮ። የራሱን ቴስታታና ማኒፎልድ ከማምረቱም በላይ፣ የጂኤምሲ የናፍጣ ሞተር አየር መጭመቂያ ወስዶ በፍላትሄድ ላይ በመትከል ፋና ወጊ ከሆኑት አንዱ ነው።

አርደን። ስሙ የተገኘው ዞራ አርከስ-ደንቶቭ ከሚለው ስም ነው። ዞራና ወንድሙ ዩራ ከጦርነቱ በኋላ ወዲያው ያወጡት ይህ ቴስታታ ቫልቮቹን ከብሎኩ አውጥቶ ወደ ላይ የሚያዛውር ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሲጫኑ ለሚግሉ የፎርድ የጭነት መኪናዎች ነበር። ዞራ በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ገብቶ በኮርቬት መኪና ስሙ ገነነ። የአርደን ቴስታታ ጥቂት የተመረተና እጅግ ውድ በመሆኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደገና ተሠርቷል። ስለዚህ «አርደን ነው» ማለትና «የ1940ዎቹ አርደን ነው» ማለት የተለያየ ዋጋ አላቸው።

ስትሮምበርግ 97። ይህ ካርቡራተር ከ1936 እስከ 1938 በፎርድ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ይወጣ ነበር። ቁጥሩ የአየር መተላለፊያውን ጠባብ ክፍል ያመለክታል፤ 0.97 ኢንች ነው። በአካሉ ላይ «97» ጎልቶ ይነበባል። «48» ወይም «81» የሚል ካለ የተለየ መጠን ነው። ይህም ካርቡራተር በ2000ዎቹ እንደ አዲስ መመረት ስለጀመረ ንጹሕና ያልተቧጨረ 97 ሁሉ ከመጋዘን የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ አይደለም።

ዋናውን ከቅጂው መለየት

በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይገኛል። አንደኛው በዘመኑ የተሠራው ዋናው ነው። ሁለተኛው ባለመብቱ ወይም ፈቃድ ያለው ሰው ዘግይቶ እንደገና የሠራው ነው፤ ይህ አዲስ መሆኑ እስከተነገረ ድረስ ነውር የለበትም። ሦስተኛው ዋናውን እንደ ቅርጽ ተጠቅሞ በድብቅ የተቀዳው ነው። ይህን የሚያጋልጡ ምልክቶች አሉ።

የመጀመሪያው ምልክት መጠን ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የዱሮው ቅርጽ ሠሪ ይህን ስለሚያውቅ የእንጨት ሞዴሉን በዚያው ልክ አስፍቶ ይሠራው ነበር። ቀጂው ግን ያለቀለትን ዕቃ አሸዋ ውስጥ ስለሚቀብር ቅጂው ከዋናው ያንሳል። 300 ሚሊ ሜትር የነበረው 296 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የቡሎን ቀዳዳዎች በኋላ በማሽን ስለሚበሱ ርቀታቸው ትክክል ሊሆን ይችላል። መለካት ያለበት ከቀለጠው ጋር አብሮ የወጣው ነገር ነው፤ ይኸውም የስሙ ፊደላት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያላቸው ርዝመት፣ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ ስፋትና በክንፎቹ መካከል ያለው ርቀት። ዋናነቱ የተረጋገጠ ዕቃ ያለው ወዳጅ በስልክ ልኬቱን ቢናገር ነገሩ በአምስት ደቂቃ ይለያል።

ሁለተኛው ምልክት የፊደላቱ ጠርዝ ነው። ከዋናው ሞዴል የወጣ ፊደል ጥርት ያለ ጠርዝ አለው። ከዕቃ ላይ የተቀዳ ፊደል ሳሙና እንደነካው ይሟልጫል። በዋናው ላይ የነበረ ጭረት ወይም ጉድፍ በቅጂው ላይ አብሮ ሊታተም ይችላል። ሁለት ቴስታታዎች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ካላቸው ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው።

ሦስተኛው ምልክት የማሽን ሥራው ነው። በ1940ዎቹ ወርክሾፕ ውስጥ በእጅ በሚመራ ማሽን የተላገ ገጽታ የመቁረጫው ዱካ ይታይበታል። በኮምፒዩተር የሚመራ ማሽን የሚተወው ዱካ እኩልና ተደጋጋሚ ነው። ሆኖም አንድ አሮጌ ቴስታታ በቅርቡ እንደገና ተልጎ ሊሆን ስለሚችል ይህ ምልክት ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ እንጂ ለብቻው አይፈርድም።

አራተኛው ምልክት ያልታየው ወገን ነው። አስመሳይ የሚደክመው በሚታየው ላይ ነው። የቴስታታው የውኃ መንገድ ውስጥ የተጋገረ የኖራና የዝገት ሽፋን፣ በቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ በመጠበቅና በመፍታት የተፈጠረ ክብ ጉድጓድ፣ የካንዴላው ጥርስ መድከም፣ እነዚህ ሁሉ ዓመታት የሚሠሯቸው ናቸው። ከውጭ በአሲድ የጠቆረ፣ ከውስጥ ግን እንደ አዲስ ድስት የሚያበራ ዕቃ ጥርጣሬን ይጋብዛል።

አምስተኛው ምልክት አድራሻው ነው። ብዙ ዕቃዎች የቆርቆሮ መለያ፣ ተለጣፊ ወይም ካርቶን ነበራቸው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በትላልቅ ከተሞች ስም ላይ አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ያለው የቀጠና ቁጥር መጨመር የጀመረው በ1943 ሲሆን ባለ አምስት አኃዙ የፖስታ ቁጥር የመጣው በ1963 ነው። በመሆኑም «ሎስ አንጀለስ 37» ዓይነት አድራሻ ያለው ካርቶን ከ1943 በኋላ የታተመ ሲሆን አጻጻፉም የሚያመለክተው ከ1963 በፊት የነበረውን ዘመን ነው። ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ያለው መለያ ተለጥፎበት «የ1948 ነው» የሚባል ዕቃ ቢኖር ወይ መለያው ወይ ታሪኩ አንዱ ውሸት ነው። የካሊፎርኒያ ስም በሁለት ፊደል ብቻ ማጠሩም የ1963 ሥርዓት ነው።

ስድስተኛው ወረቀት ነው። የጥንት መጽሔት ማስታወቂያዎችና የዕቃ ዝርዝሮች ዕቃው በየትኛው ዓመት በምን መልክ ይሸጥ እንደነበር ያሳያሉ። በ1949 ማስታወቂያ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በ1955ቱ ላይ ከተለወጠ፣ ያ ለውጥ የዘመን ወሰን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ገዢው የ1946 ሆት ሮድ እየሠራ ነው። ታዋቂ ስም ያለባቸው ሁለት የአሉሚኒየም ቴስታታዎች «ከጦርነቱ ማግስት የወጡ» ተብለው ይቀርቡለታል። ቢቆጥር 24 ቀዳዳ አላቸው። የውኃ መውጫቸው ግን ፊት ላይ ነው። ይህ የ1949 አቀማመጥ ነው። ቴስታታዎቹ ዋና ሊሆኑ ይችላሉ፤ የ1946 ግን ሊሆኑ አይችሉም። ገዢው ይህን ያወቀው ያለ ምንም መሣሪያ ነው።

ከመግጠም በፊት የሚደረግ ምርመራ

ዋናነቱ የተረጋገጠ ዕቃ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። አብዛኞቹ እነዚህ ዕቃዎች በወጣትነታቸው ያለ ርኅራኄ ተነድተዋል።

ብሎክ። የፍላትሄድ ትልቁ ድካም የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማርሚታ የሚወጣው በብሎኩ ውስጥ አልፎ መሆኑ ነው። በየወገኑ አራት ሲሊንደሮች ሲኖሩ መውጫው ሦስት ብቻ ነው፤ መካከለኞቹ ሁለቱ አንዱን ይጋራሉ። ሙቀቱ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር ስለሚታገል ብሎኩ ከቫልቭ መቀመጫ ወደ ሲሊንደርና በቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብሎኩ ላይ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በኬሚካል ታጥቦ በማግኔትና በብረት ዱቄት ስንጥቅ መፈለግ፣ ከዚያም የውኃ መንገዱ ታሽጎ በግፊት መፈተን ይኖርበታል።

የአሉሚኒየም ቴስታታ። አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይቀበል ስንጥቁ የሚፈለገው ቀለም ባለው ሰርጎ ገብ ፈሳሽ ነው። የውኃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ ጋስኬቱ አይዝም። ከሁሉ በላይ ግን ቴስታታው ምን ያህል ጊዜ እንደተላገ መታወቅ አለበት። ዱሮ ጉልበት ለመጨመር ርካሹ መንገድ ቴስታታን በማሽን መላግ ነበር። በላዩ ላይ «8 ለ1» የሚል ምልክት ቢኖር እንኳ ከሁለት ጊዜ መላግ በኋላ ያ ቁጥር እውነት አይደለም። የማቃጠያው ክፍል በተመጠነ ፈሳሽ ተሞልቶ ይዘቱ ይለካል። ከዚያም በፒስተኑና በቫልቮቹ ላይ ለስላሳ ጭቃ ተደርጎ ቴስታታው ይታሰርና ሞተሩ በእጅ ይዞራል፤ ተፈትቶ የጭቃው ውፍረት ሲለካ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ይታወቃል። ክፍተቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ካልደረሰ መቆም ይሻላል።

ካምሻፍት። ብዙዎቹ የፎርድን ካምሻፍት እንደገና በመሞረድ የተሠሩ በመሆናቸው የፎርድ ቁጥር ቢኖርባቸው አያስገርምም። የሞራጁ ስምና የሥራ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በጫፉ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ሲሞረድ መሠረቱ ስለሚቀጥን የፋብሪካው የማይስተካከል የቫልቭ መግፊያ አይደርስም፤ የሚስተካከል መግፊያ ያስፈልጋል። ካምሻፍት ከአሮጌ መግፊያዎቹ ጋር ከተገዛ የትኛው ከየትኛው ጋር ይሠራ እንደነበር ካልታወቀ መግፊያዎቹ መለወጥ አለባቸው።

ካርቡራተር። የስትሮምበርግ 97 ደካማ ጎን ከመጠን በላይ በመጠበቅ የጎበጡ ፊቶቹና የተበሉ ጥርሶቹ ናቸው። የነዳጅ ግፊቱ 2.5 ፒኤስአይ አካባቢ መሆን አለበት። አንዳንድ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ይገፋሉ። ግፊት መቆጣጠሪያ ሳይደረግ ከተገጠሙ ቤንዚኑ በጋለ ማኒፎልድ ላይ ይፈስሳል፤ መጨረሻው እሳት ነው።

ጋስኬትና የፍሬን ሸራ። ከዘመኑ የተረፉ የቴስታታ ጋስኬቶችና የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። በደረቁ መፋቅ ወይም በአየር መንፋት ሳንባን ይጎዳል። እነዚህን «ዘመኑን የጠበቁ ናቸው» ብሎ መግጠም ታሪክን ማክበር አይደለም፤ አዲስ መጠቀም ነው የሚገባው።

በዛሬ ነዳጅና ዘይት መንዳት

የ1940ዎቹ ዕቃ የሚሠራው በዛሬ ነዳጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል የጥንት ጎማ ቱቦዎችንና ማሸጊያዎችን ይበላል፤ ውኃም ይስባል። ስለዚህ ከላይ የሚታየው ካርቡራተር የ1937 ቢሆንም በውስጡ ያሉት ማሸጊያዎች ኤታኖል የሚችሉ አዲሶች መሆን አለባቸው።

ዘይትም ተለውጧል። ከ2004 ወዲህ በወጡ ደረጃዎች፣ በጭስ ማጣሪያ ምክንያት፣ በብዙ የመኪና ዘይቶች ውስጥ ያለው ፎስፎረስ እንዲቀንስ ተደርጓል። ይህ ንጥረ ነገር ከዚንክ ጋር ሆኖ ካምሻፍቱንና መግፊያውን ከመፋተግ የሚጠብቅ ነበር። አዲስ የተሞረደ ካምሻፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዚንክ ያለው የማለማመጃ ዘይት መጠቀም ይመረጣል።

የአሉሚኒየም ቴስታታ በብረት ብሎክ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ብረቶች በውኃ አማካይነት እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ በቧንቧ ውኃ ብቻ ሳይሆን ዝገት የሚከላከል ኩላንት ባለው ድብልቅ መሞላት አለበት። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ቡሎኖቹ በቅደም ተከተላቸው እንደገና ይጠበቃሉ።

መጠቀም ወይስ ማስቀመጥ?

ከ100 ያህል ስሊንግሾት ማኒፎልዶች አንዱ እጁ የገባ ሰው ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ቢገጥመው ሊሰበር ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው ደግሞ ለተሠራበት ዓላማ አልዋለም። ማኒፎልድ ብዙ ጭነት ስለማይሸከም በአግባቡ ከተመረመረ ሳይጎዳ ሊሠራ ይችላል። ቴስታታ ግን ሙቀትና ግፊት ስለሚሸከም የመጨረሻዎቹ ጥቂት ከሆኑት ጋር ቁማር መጫወት አይመከርም። ብዙ አስተዋይ ባለቤቶች የሚመርጡት መካከለኛውን መንገድ ነው። የሚደክሙትን የውስጥ ክፍሎች፣ ይኸውም ፒስተን፣ ኩሽኔታ፣ ቫልቭና ማሸጊያ፣ አዲስ ያደርጋሉ። የዘመኑን ገጽታ የሚናገረውን ቴስታታና ማኒፎልድ ዋና ያደርጋሉ፤ ይህም ካልተቻለ በግልጽ አዲስ ቅጂ ይገጥማሉ።

ወሳኙ ቃል «በግልጽ» የሚለው ነው። እነዚህን ዕቃዎች የሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ብዙዎቹ ወርክሾፖች የሽያጭ መዝገባቸውን ሳያስተርፉ ተዘግተዋል። የቀረው ምስክር ብረቱ ነው። አንድ ሰው ቅጂውን አጥቁሮ «የ1940ዎቹ ነው» ብሎ ሲሸጥ የሚጎዳው አንዱ ገዢ ብቻ አይደለም፤ ነገ ያንን ዕቃ እንደ ማስረጃ ለክቶ ሌላውን የሚፈርድበት ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ሐሰተኛው መለኪያ ይሆንና እውነተኛው ይጣላል።

ስለዚህ አዲስ ቅጂ የሚገጥም ባለቤት በማይታየው ወገን ላይ የተሠራበትን ዓመት ይምታበት። ዋናውን የገዛ ሰው ከማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንዳገኘው ጽፎ፣ ከመታጠቡ በፊት ፎቶግራፍ አንስቶ ከመኪናው ሰነድ ጋር ያኑር። የጠቆረውን አሉሚኒየም እስኪያበራ ከመወልወሉ በፊትም ያስብ፤ አንዴ የተወለወለ ብረት የመቁረጫ ዱካውን መልሶ አያገኝም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ሙያ ግን አባባሉ የሚሠራው ዱካው ሳይጠፋ ከቆየ ብቻ ነው።